አንድ ወር በእንጦጦ ማርያም

በትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንድ የተለመደ ነገር ይታያል። የ12ኛ ክፍል ወንበሮች አንድ በአንድ ባዶ ይሆናሉ። መጀመሪያ ከኋላ የሚቀመጡት ይቀራሉ፤ ቀጥሎ መካከለኞቹ፤ በመጨረሻም ጎበዝ የሚባሉት ሳይቀሩ ደብተራቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። የት ሄዱ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ለጥናት ወጥተዋል» የሚል ነው። ዘንድሮ ለጥናት ከወጡት አንዷ እኔ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን የማቀርበው ራሴን ለማመስገን ወይም ጓደኞቼን ለመውቀስ አይደለም። ከክፍል ቀርቼ ያገኘሁትንና ያጣሁትን በቅን ቆጥሬ፣ በሚመጣው ዓመት በእኛ ወንበር ለሚቀመጡት ታናናሾቻችን ለማስረከብ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ሐኪም መሆን ነው። ይህን ስል አንዳንድ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ፤ በክፍላችን «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተማሪ እጁን የሚያነሣው ለሕክምና ነውና። ምኞቱ ብዙ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፉን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.2 ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአላፊዎቹ ቁጥር ከፍ ቢልም ከመቶ 8.4 አልበለጠም። ይህም ቢሆን የዩኒቨርሲቲውን ደጃፍ ለመርገጥ ብቻ ነው። ሕክምና የሚመኝ ተማሪ ግማሽ ማምጣት አይበቃውም፤ ካለፉትም መካከል ከፊተኞቹ መሆን ይገባዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም የመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ እንደገና ይመዘናል። እንግዲህ ይህን ቁጥር በግድግዳ ላይ ጽፎ የለጠፈ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ አያስገርምም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ታናናሽ ወንድሞቼ ሦስት ናቸው። ጸጥታ የሚገኘው ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በክፍል ውስጥ የማንቀላፋበት ቀን እየበዛ ሄደ። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ከክፍል ቀርቼ እንጦጦ ሄጄ ለማጥናት ቆረጥሁ። እናቴን በቀላሉ አሳመንኋት። አባቴ ግን ሻይ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጠው፣ «አስተማሪዎችሽ ይህን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው» አልኋቸው።

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሁሉም አይደለም» አሉና ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።

ሁላችንም እማማ የምንላቸው የአባቴ አክስት የሚኖሩት ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማትርቅ ትንሽ ቤት ነው። ከዳግም ትንሣኤ ማግስት መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ከሽሮ ሜዳ በሚነሣው ሚኒባስ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ወገባቸው ታጥፎ ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። እኔ መጽሐፍ ይዤ በመኪና እወጣለሁ፤ እነርሱ ሸክማቸውን ይዘው በእግር ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ግን ስለዚህ ብዙ አላሰብሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ በሠራሁት የሰዓት ሠንጠረዥ ላይ ነበር።

እንጦጦ ለጥናት የተፈጠረ ቦታ ይመስላል። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር መናገሻቸውን ያደረጉት በዚሁ ተራራ ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በጥዋት ቅዳሴው ሲያልቅ ከጽድ ሥር ተቀምጬ ቁልቁል ስመለከት ከተማው በጭጋግ ተሸፍኖ ይቆይና ፀሐይ ስትወጣ ቀስ በቀስ ይገለጣል። በአድዋ ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለማከም የመጡት ወደዚህች ከተማ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም፣ ብዙ ሐኪሞች የተማሩበት ጥቁር አንበሳም በዚያ ጭጋግ ሥር ናቸው። «አንድ ቀን በዚያ ነጭ ካፖርት ለብሼ እቆማለሁ» እያልሁ ደብተሬን እገልጣለሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ። እስከ ምሳ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ከምሳ በኋላ ፊዚክስና ሒሳብ፣ ማታ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ አጠናለሁ። በየቀኑ ያነበብሁትን ገጽ ብዛት በደብተሬ ጀርባ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 310 ገጽ፣ በሁለተኛው 345 ገጽ ሆነ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍቴን ከልሼ ጨረስሁ፤ በትምህርት ቤት ብሆን ይህን ያህል አላነብም ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር ሆነች። እማማ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ጥደው ነበር፤ ንፍሮውም አልበስል ብሎ አስቸገረ። «የእንጦጦ እሳት ሰነፍ ነው፤ ታች ከተማ ይህን ያህል አይቆይም» አሉ። እሳቱ ሰነፍ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እንጦጦ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ንፍሮው ይዘገያል። በፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ የነበረችው ግፊት የምትባል ቃል ከገጿ ወጥታ በምድጃው ላይ ስትንተከተክ አየኋት። ነገር ግን ለእማማ አልነገርኋቸውም። «አይገባቸውም» ብዬ ወደ ገጽ ቆጠራዬ ተመለስሁ።

በሦስተኛው ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ የሚያገለግል አንድ ወጣት ዲያቆን በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «እኅቴ፣ ሁልጊዜ ብቻሽን ነው የማይሽ፤ ማን ያስቀጽልሻል?» አለኝ። ቀለም የተማረው ጎጃም ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ትምህርቱን በቃሉ ይዞ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይቀጽላል፤ የኔታም የሳተውን ያርማሉ፤ ትንሹ ለትልቁ፣ ትልቁ ለየኔታ ያሰማል እንጂ ብቻውን ተማርሁ የሚል የለም። «እኔ የማጠናው ለጽሑፍ ፈተና ነው፤ የሚያስቀጽል አያስፈልገኝም» አልሁት። «ታዲያ ብትስቺ በምን ታውቂዋለሽ?» አለና ሄደ። ነገሩ ቅር አሰኘኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ማታ፣ ሻማ ስፈልግ ከእማማ መደርደሪያ ላይ ያልተከፈቱ የኪኒን ማሸጊያዎች አገኘሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ከሦስት ወር በፊት ነበር።

«እማማ፣ ይህን ለምን አይወስዱም?» አልኋቸው።

«ምን አደርገዋለሁ? አላመመኝም። በየጥዋቱ ኪዳነ ምሕረት ወርጄ ጸበሌን እጠጣለሁ፤ ራሴን እንኳ አይወጋኝም።»

«ግፊት እኮ ሳያምም ይጎዳል።»

«እንዴት አድርጎ?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ጥያቄ ልብ በልልኝ። የደም ዝውውርን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። የልብን አራት ክፍሎች፣ የደም ሥር ዓይነቶችን፣ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም እንደምትረጭ በቃሌ አውቃለሁ። ስለዚህ ጀመርሁ፤ ሲስቶሊክ አልሁ፤ ዳያስቶሊክ አልሁ፤ ልባቸው በፍጥነት እየመታች ስለሆነ ነው አልሁ። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡ።

«ልቤስ ቀስ ብላ ነው የምትመታው» አሉ። ከዚያም ሳቁና፣ «ልጄ፣ ያንን ለፈተናው ንገሪው። ለእኔ በአማርኛ ንገሪኝ» አሉኝ።

ልነግራቸው አልቻልሁም። ቃሉ ስለ ጠፋኝ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ራሱን ስለማላውቀው ነው። አራት ምርጫ ቢቀርብልኝ ትክክለኛውን አከብብ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ «እንዴት አድርጎ?» ስትለኝ 655 ገጽ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላወጣልኝም።

ያን ሌሊት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሰብሁ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ገና ሕፃን ሳሉ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ይዟቸው ሄደ። በህንድ አገር ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ወደ ስኮትላንድም ተሻግረው ትምህርታቸውን አስፋፉ። ከኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪም እርሳቸው ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንዳወቋቸው ይነገራል። ሐኪሙ ግን ያን ጊዜ አማርኛ አያውቁም ነበር። ቋንቋቸውን የነጠቃቸው ጦርነት ነው፤ እርሳቸውም ተመልሰው ወገናቸውን አገለገሉ። እኔን ግን ማንም አልነጠቀኝም። ከእማማ ጋር በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርሁ ያደግሁ ልጅ፣ ስለ ራሳቸው ደም ልነግራቸው አልቻልሁም።

በማግስቱ ጥዋት ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ወረድሁ።

በክፍላችን 42 ተማሪዎች ነበርን። ያን ቀን የተገኙት 11 ነበሩ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን እንደ ወትሮው ሰሌዳውን በሦስት ከፍለው ይጽፋሉ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን፣ «መጣሽ? ተቀመጪ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ እያዩ ለ11 ልጆች ለ42 እንደሚያስተምሩ አድርገው አስተማሩ። እኛ «ለጥናት ወጣን» ስንል እርሳቸው ምን እንደሚሰማቸው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ የእማማን ጥያቄ አቀረብሁ። አስተማሪያችን ራሳቸው አልመለሱም፤ ለክፍሉ ሰጡት። እኔ «ልብ በፍጥነት ስለምትመታ ነው» አልሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛዬ፣ «ልብ በዝግታ እየመታችስ ግፊቱ ከፍ ሊል አይችልም?» አለች። ሌላው «የደም ሥሩ ሲጠብስ?» አለ። ክርክሩ ሞቀ። አስተማሪያችን ሁላችንንም ይዘው ወደ ግቢው ወጡ፤ አትክልት የሚጠጣበትን የውኃ ጎማ አንሥተው ቧንቧውን ከፈቱ።

«ቧንቧውን አልነካሁትም» አሉና የጎማውን ጫፍ በጣታቸው ጠበብ አደረጉት። ውኃው ርቆ ተወረወረ። «አያችሁ? የሚገፋው አልተለወጠም፤ መንገዱ ግን ጠበበ፤ ስለዚህ ግፊቱ ጨመረ። በሰውም እንዲሁ ነው፤ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ሲጠቡ ልብ በዝግታ ብትመታም ግፊቱ ይጨምራል።» ከዚያ ጎማው በላስቲክ የተጠገነበትን ቦታ አሳዩን። «ይህ ጎማ ለወራት ከመጠን በላይ ግፊት ተሸክሞ ነበር። ከመፈንዳቱ በፊት አንድም ቀን አልጮኸም። የአንጎልና የኩላሊት የደም ሥሮችም እንዲሁ አይጮሁም።»

ለሦስት ሳምንት በልቤ ይዤው የነበረው ስሕተት በአሥር ደቂቃ ታረመ። ዲያቆኑ «ብትስቺ በምን ታውቂዋለሽ?» ያለኝ ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ስሕተቴን አይቶ ዝም ይላል፤ ጓደኛዬ ግን ዝም አላለችኝም።

በዚያው ቀን ያጣሁትንም ቆጠርሁ። በሌለሁበት ጊዜ ሦስት የቤተ ሙከራ ሥራዎች አልፈዋል። ማርኩ እንዲያዝልኝ ስለምን፣ «ልጄ፣ ያልሠራሽውን እንደ ሠራሽ አድርጌ ልጽፍ አልችልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 10 ማርክ ጠፋችብኝ፤ ይህም በትራንስክሪፕቴ ላይ ሲኖር ይኖራል።

ማታ እንጦጦ ተመለስሁ። እማማ በጎረቤት ቧንቧ ጀሪካን ሲያስሞሉ አገኘኋቸው። ጎማውን ተቀብዬ አስተማሪያችን እንዳደረጉት ጫፉን አጠበብሁት፤ ስለ ልብም፣ ስለ ጠበበው መንገድም፣ ሳይጮህ ስለሚፈነዳው ጎማም በአማርኛ ነገርኋቸው። አንዲትም የእንግሊዝኛ ቃል አልጨመርሁም። እማማ ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አዳመጡኝ።

«ታዲያ ይህን ከመጣሽ ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«አላውቀውም ነበር።»

«ስታነቢ ነው የከረምሽው እኮ!»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ስለ ጸበሉም ነገር አነሣን። እኔ ጸበሉን ይተዉ አላልኋቸውም፤ ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም። ያ ዲያቆን በነጋታው ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ግን፣ «እማማ፣ ጸበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም» አላቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታወሰን። ዓርብ ዕለት እማማና እኔ ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን። ግፊታቸው ሲለካ 178 በ104 ሆነ፤ 140 በ90 ሲደርስ እንኳ ከፍተኛ ይባላል። የለካችው ነርስ መድኃኒቱን እንደገና እንዲጀምሩ ነግራ፣ ለሁለት ሳምንት ቀጠረቻቸው። አሁን በጥዋት ጸበላቸውን ይጠጣሉ፤ ከቁርስ በኋላ ኪኒናቸውን ይውጣሉ። በሁለተኛው ቀጠሮ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ገና ግን ብዙ ይቀረዋል።

ከዚያ ወዲህ ከጥዋት እስከ ምሳ በክፍል ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ እንጦጦ እየወጣሁ አጠናሁ። ለአባቴ የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም፤ «እንግዲህ አስተማሪዎችሽ አወቁ» አሉኝ ብቻ።

አሁን ሒሳቡን ልዝጋ። ለጥናት መውጣት ጸጥታ ይሰጣል፤ ጊዜ ይሰጣል፤ ያለፈውን ለመከለስ ይረዳል። ይህን አልክድም፤ ቤቱ ለማይመቸው ተማሪ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የማይሰጠው ግን ጥያቄ ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው የሚጠይቀውም የሚመልሰውም ራሱ ስለሆነ ሁልጊዜ ያልፋል። ሐኪም ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በሌላ ሰው ጥያቄ ነው፤ በሽተኛው «እንዴት አድርጎ?» ሲለው «ገጹን ልይ» ብሎ አይወጣም። ይህን ሥራ ከአሁኑ ካልለመድን የፈተናው በር ቢከፈትልን እንኳ ከገባን በኋላ የምንቸገር ይመስለኛል።

ስለዚህ ታናናሾቻችንን የምመክረው ይህን ነው። የምትወጡ ከሆነ ለአስተማሪዎቻችሁ ሳትነግሩ አትውጡ፤ የቤተ ሙከራውንም ቀን አታሳልፉ። በየቀኑ ካነበባችሁት አንዷን ነገር ምንም ለማያውቅ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለታናሽ ወንድማችሁ፣ በአማርኛ ወይም በቤታችሁ ቋንቋ አስረዱ። ማስረዳት ካቃታችሁ ገጹን አልጨረሳችሁትም። እኛ 11ዱና ተመልሰን የመጣነው ስድስት ሆነን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እንዲህ ስናደርግ ሰንብተናል፤ እኔም በእነዚያ ቀናት የእንጦጦውን ሰዓቴን ወደ ማታ አዛውሬያለሁ። አስተማሪዎቻችንንም በትሕትና የምንለምነው፣ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ የሚቀሩትን ሳምንታት ለእንዲህ ያለ ጥያቄና መልስ እንዲሰጡን ነው፤ ብዙው ተማሪ የሚሄደው በክፍል የሚሠራ ነገር የቀረ ስለማይመስለው ነውና።

ይህ መጽሔት በእጃችሁ ሲገባ እኛ ፈተናው ላይ እንሆናለን። አልፌ ሕክምና ልግባ አልግባ አላውቅም። የገጽ ቆጠራውን ትቼዋለሁ፤ በደብተሬ ጀርባ አሁን የሚጻፈው ሰው የጠየቀኝና መመለስ ያቃተኝ ጥያቄ ነው። ትናንት እማማ ንፍሮ ጥደው፣ «ይህ እሳት ዛሬም ሰነፈ» ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ አልሁና ስለ አየሩ ግፊት ነገርኋቸው። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ታዲያ ግፊት ሲበዛም ጥፋት፣ ሲያንስም ጥፋት ነው በዪኛ» አሉኝ። ይህንንም በደብተሬ ጻፍሁት፤ አስተማሪያችንን ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ።